መጣፊያው ሲያጥር
(አምበር ላይ ለልብስ ሰፊዎች፣ ለሽማኔዎችና ለስፌት ተማሪዎች የቀረበ ዲስኩር)

ጠረጴዛው ላይ አምስት ነገር ተጣጥፎ ታያላችሁ። አራቱ የእኔ እጅ ሥራ ናቸው። ከሥር ያለው፣ ጠቆር ያለው፣ የአያቴ ነው፤ እሱን ኋላ እንዘረጋዋለን። ቅድም ዕቃዬን ታቅፌ ስገባ በሩ ላይ ያገኘሁት አንድ ወንድሜ፣ «ይኼን ሁሉ ድሪቶ ምን ልታደርጊው ነው?» አለኝ። አልተቀየምኩትም። እንዲያውም ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነበርና መነሻ ሰጠኝ።

ቃሉን እንየው። ደረተ ማለት እራፊ በእራፊ ላይ፣ ጨርቅ በጨርቅ ላይ እየደራረበ ሰፋ ማለት ነው፤ ድሪቶ የዚያ ውጤት ነው። ቃሉ በራሱ ስድብ የለበትም። ስድቡን ያመጣበት ለባሹ ነው። ድሪቶ የሚለብሰው ያጣ የነጣ ሰው ስለነበር፣ ቃሉ ቀስ በቀስ ከስፌት ስምነት ወጥቶ የድህነት ስም ሆነ። ዛሬማ ከልብስ ሰፊ ቤት ይልቅ ከሐያሲ አፍ ነው የምሰማው፤ መጽሐፉን ካልወደደው «ደርቶታል» ይላል። ያ ሐያሲ አንድ ቀን እንኳ መርፌ ይዞ ደርቶ ቢያውቅ ኖሮ ቃሉን ለምስጋና ባዋለው ነበር። ይህ የግል ቂሜ ነው፣ እለፉት። ሌላም አለ። ገንዘብ ሲያልቅብን፣ ዘዴ ሲጠፋን፣ «መጣፊያው አጠረኝ» እንላለን። ከመርፌና ከእራፊ የወጣ አነጋገር ነው፤ ቀዳዳው ሰፊ፣ እራፊው ጠባብ ሲሆን። መንገደኛ ስንሸኝ ደግሞ «መንገዱን ጨርቅ ያርግልህ» ብለን እንመርቃለን። ጨርቅ ከእግር ሥር ሲነጠፍ ምርቃት ነው፤ ያው ጨርቅ ተጣጥፎ ትከሻ ላይ ሲወጣ ግን ሐሜት ይሆናል።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። አዲስ አበባ ስሠራ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ የአልጋ ልብስ አዘዙኝ። «አዲስ ነገር አምጪ፤ ሌላ ቤት የሌለ» አሉኝ። እኔም ጨርቄን ማቄን ሳልል ሁለት ሳምንት ተቀምጬ፣ ነጩንና ቀዩን ጨርቅ ከመቶ በላይ ቦታ ቆራርጬ፣ ገጣጥሜ፣ ተኩሼ ወሰድኩላቸው። ዘረጋሁት። ዝም አሉ። አንዱን መገጣጠሚያ በጣታቸው ዳሰስ አደረጉና፣

«አንቺ፣ ጨርቅ አነሰሽ እንዴ? ብትነግሪኝ እጨምርልሽ አልነበር?» አሉኝ።

«የለም እትዬ፣ ሆን ብዬ ነው የቆረጥኩት።»

«ደህናውን ጣቃ ቆራርጠሽ መልሰሽ ሰፋሽው?»

ከልባቸው አዘኑልኝ፤ እንደ ታመመ ሰው ነው ያዩኝ። ገንዘቤን አልከለከሉኝም፤ የአልጋ ልብሱ ግን ሠርጉ ላይ አልዋለም። ያን ቀን በጣም ከፍቶኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ደህናውን ጨርቅ ቆርጦ መልሶ መስፋት ለምንድነው? ዛሬ የማወራው ሁሉ ለእኚያ እናት የዘገየ መልስ ነው።

የመጀመሪያውን መልስ ያገኘሁት ከልብስ ሰፊ ሳይሆን ከብራና መጽሐፍ ነው። አገራችን የመጻሕፍት አገር ናት፤ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም ሁሉም እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ናቸው። የብራና መጽሐፍ ሽፋን የሆነው ሳንቃ በቆዳ ይለበጣል፤ ቆዳው ወደ ውስጥ ታጥፎ ዙሪያውን ሲጣበቅ፣ መሀሉ ላይ እንደ መስኮት ያለ ባዶ እንጨት ይቀራል። ደጓሹ እዚያ መስኮት ላይ የጨርቅ ቁራጭ ይለጥፋል። ቁራጩ ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ከህንድ የመጣ አበባ ያለበት የጥጥ ጨርቅ፣ ወይም ሐር። መዳፍ የምታህል እራፊ ናት፤ ከዚያ የበለጠ አልተገኘም። ሙሉ ቀሚስ የማትሆን፣ መሀረብም የማትሆን። ሰውየው ግን ወርቅ እንዳገኘ ሰው ልክ መሀል ላይ አስቀመጣት፤ መጽሐፉ በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የምትታየው እሷ ናት። ያችው እራፊ ድሃ ጉልበት ላይ ብትጣፍ ድሪቶ ነበረች። ልዩነቱ ጨርቁ ላይ አይደለም፤ የተቀመጠችበት ቦታ ላይ ነው። ንድፍ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፤ ቦታ መምረጥ።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ልብስ ሰፊዎች ሰዓታችሁን እያያችሁ ነው።

ንድፌን የወሰድኩት ከገበጣ ነው። እኔ የማውቀው ገበጣ ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ጉድጓድ፣ ባጠቃላይ 18። ሁለት ገበጣ ጎን ለጎን ብናስቀምጥ 36 ጉድጓድ፣ ስድስት በስድስት የሆነ አራት ማዕዘን ይወጣናል። እያንዳንዱን ጉድጓድ አንድ ካሬ አደረግሁት፤ ተሰፍቶ ሲያልቅ 25 በ25 ሳንቲም ሜትር። መሀሉ ላይ 11 በ11 የሆነ ትንሽ ካሬ አለ፣ እሱ ጉድጓዱ ነው፤ ዙሪያውን 7 ሳንቲም ስፋት ባላቸው አራት ጥብጣቦች ይከበባል። ስድስት ጊዜ 25፣ 150፤ አንድ ሰው አጥብቆ የሚለብሰው ልክ ነው።

ለቆራጮች ልኩን ልስጣችሁ። ለስፌት በየጠርዙ 1 ሳንቲም እተዋለሁ። ስለዚህ መሀሉ 13 በ13 ይቆረጣል። ሁለቱ አጭር ጥብጣብ 9 በ13፣ ሁለቱ ረጅም 9 በ27። አጫጭሮቹ ግራና ቀኝ ይሰፋሉ፣ ከዚያ ረጃጅሞቹ ከላይና ከታች። አንድ ካሬ አምስት ቁራጭ ነው፤ 36ቱ ካሬ 180 ቁራጭ ይሆናል። ጨርቁ 150 ወርድ ካለው 2 ሜትር ከ20 አካባቢ ለፊቱ ይበቃል። አብዛኞቻችሁ በዓይን ትቆርጣላችሁ፣ አውቃለሁ፤ ለሱሪ ዓይን ይበቃል። ለዚህ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱን በቁጥር ላሳያችሁ። አንዱን ረድፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብትቆጥሩት 17 ስፌት አለበት፤ በየካሬው ሁለት፣ ካሬና ካሬ ሲገናኙ አምስት። በአንዱ ስፌት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ገባ ብትሉ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚበላ 4 ሚሊ ይጠፋል። አሥራ ሰባት ጊዜ አራት ስንት ነው? 68 ሚሊ ሜትር፤ ሰባት ሳንቲም ሊሞላ ምንም አልቀረው። አንዱ ረድፍ 150፣ ታችኛው 143 ሆኖ ቁጭ ይላል። ያኔ ነው መጣፊያው የሚያጥረው።

ይህን አንድ ንድፍ፣ ልኩን ሳልነካ፣ በአራት ዓይነት ጨርቅ ሰፋሁት። ወረቀቱ አንድ፣ መቀሱ አንድ፣ እጁም የእኔው። አራቱን እዩአቸውና ወንድማማች ይመስሉ እንደሆነ ንገሩኝ።

የመጀመሪያው አቡጀዲ ነው፤ አንዳንዱ ያልተነከረ፣ አንዳንዱ ቤት ውስጥ ቀይና ሰማያዊ የነከርኩት። አቡጀዲ ታዛዥ ነው። ያጠፋችሁበት ይቀመጣል፣ የሳሙና ስባሪ ምልክት ይይዛል፣ ካውያ ሲያርፍበት እንደ ወረቀት ይሆናል። መማር የሚፈልግ ሰው በሱ ይጀምር። አንድ ክፋት አለው፤ አዲሱ አቡጀዲ ውኃ ሲነካው ይሸሻል። ከ100 ሳንቲም 5 ቢሸሽ፣ 150ው ላይ ሰባት ተኩል ሳንቲም ጎደለ ማለት ነው። ሁሉም እኩል ቢሸሽ ግድ አልነበረም። እኔ ግን በመጀመሪያው ሙከራዬ የነከርኩትን፣ ማለትም አስቀድሞ ውኃ ያየውን፣ ካልታጠበው ጋር ገጣጠምኩት። ሲሰፋ እንደ መስተዋት ልሙጥ ነበር። አንድ ጊዜ ታጥቦ ሲደርቅ ነጭ ነጩ ተሰብስቦ፣ ቀይ ቀዩ ተነፋፍቶ የእንቁራሪት ጀርባ መሰለ። ከዚያ ወዲህ መቀስ ከማንሳቴ በፊት ሁሉንም በሙቅ ውኃ እዘፈዝፋለሁ።

ሁለተኛው የሽማኔ እጅ ሥራ ነው፣ ፈትል። እዚህ ላይ ሽማኔዎች ትቆጡኛላችሁ። ጥለት ያለውን ነጠላ በመቀስ መቁረጥ ግፍ ይመስላል፤ እኔም መጀመሪያ ቀን እጄ ተንቀጥቅጧል። አዲሱን አልነካሁም፤ መሀሉ የነተበ፣ ጫፉ ግን ደህና የሆነ አሮጌ ነጠላ ፈልጌ ነው የጀመርኩት። በእጅ የተሸመነ ጨርቅ እንደ ፋብሪካው የተጠቀጠቀ አይደለም፣ ድርና ማጉ ላላ ይላል። 9 ሳንቲም አድርጋችሁ ስትቆርጡት ከእጃችሁ ሳይወጣ ጠርዙ ይተረተራል፤ 1 ሳንቲም የተዋችሁት ግማሽ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ያገኘሁት ዘዴ፣ ከመቁረጤ በፊት ከኋላው ስስ ጨርቅ ዘርግቼ በሰፊ ስፌት መሸለል ነው፤ ከዚያ ሁለቱን እንደ አንድ እቆርጣለሁ። ሌላው ችግር ነጭ በነጭ መሆኑ ነው። ንድፉ ጠፋ። ከሩቅ ስታዩት ዝም ብሎ ጋቢ ነው። ሁለት ቀን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሳየው ሰነበትኩና ጥለቱን ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ አስገባሁት፤ በ36ቱ ጉድጓድ ውስጥ 36 ቁራጭ ጥለት፣ ግማሹ ቁም፣ ግማሹ አግድም። ዙሪያው ባዶ ነጭ። አቡጀዲው ላይ ንድፉን ያወጣው ቀለሙ ነበር፤ እዚህ ግን ዝምታው ነው። ከአራቱ ለሰው የማልሸጠው ይኼን ነው።

ሦስተኛው ጂንስ፤ ከሳልባጅ። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት በሕግ እንደተከለከለ ታውቃላችሁ፤ ገበያ ላይ ደግሞ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ፤ እኔ የቆረጥኩት የወንድሞቼን አሮጌ ሱሪ ነው፣ ከዚያ በላይ አትጠይቁኝ። ጂንስ ወፍራም ነው፤ ሥራው ሁሉ ከውፍረቱ ጋር መታገል ነው። አራት ካሬ የሚገናኝበትን ነጥብ አስቡት። ስፌቱን እንደ ሱሪ ጎን ወደ አንድ ወገን ካጠፋችሁት በዚያች ነጥብ ላይ እስከ 9 ደርብ ይቆለላል፤ መርፌዋ እዚያ ስትደርስ ጧ ትላለች። ስፌቱን ግራና ቀኝ ከፍታችሁ ከተኮሳችሁት 4 ደርብ ብቻ ነው። ለአቡጀዲ በ11 ቁጥር የመኪና መርፌ የሠራ ሰው፣ ለጂንስ 16 ቁጥር ያስገባ፤ 14ም ይሞክራል ግን ያጉረመርማል። የጂንስ ውበቱ ግን ሌላ ቦታ የለም። የኋላ ኪሱ ሲፈታ ከሥሩ ፀሐይ ያላየ፣ ጥቁር ሰማያዊ የሆነ ቦታ ይወጣል፤ ዙሪያው ነጥቷል። እነዚያን የኪስ ቦታዎች ለጉድጓዱ አደረግኋቸው። ቀለም አልነከርኩም፤ ሰውየው በተቀመጠበትና በተነሣበት ዓመታት የተነከረ ቀለም ነው።

አራተኛው ከሁሉ አስቸገረኝ። ቴትሮን፣ ሻሽ፣ የሚያብረቀርቀው የቀሚስ ጨርቅ። ደማቅ ስለሆነ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሣው እሱን ነው። ሲቆርጡት ያንሸራትታል፣ ሲያጥፉት ይመለሳል፣ ካውያ ሞቅ ካለበት ኩርምት ብሎ ይቀልጣል፤ እኔ ሦስት ቁራጭ አቃጥዬበታለሁ። ልብስ ሰፊ በከሰል ካውያ ሲሠራ ሙቀቱን በምን ይለካል? ምራቅ በነካ ጣት። ለአቡጀዲ ጥሩ መለኪያ ነው፤ ለቴትሮን አደጋ ነው፣ ከላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። እውነቱን ለመናገር ይኼ ንድፍ ለዚህ ጨርቅ አይሆንም። ገበጣዬ ቀጥታ መስመር ይፈልጋል፤ እሱ ቀጥታ መቆም አይወድም። ሠርቼ ጨረስኩት እንጂ አልተግባባንም። ይዤው የመጣሁት ያልተሳካ ሥራ ምን እንደሚመስል እንድታዩት ነው።

ስለ ውስጡ ሁለት ቃል። ፈረንጆቹ ኩዊልት የሚሉት ሦስት ደርብ ያለው ነው፤ ፊት፣ ጀርባ፣ መሀሉ ላይ የሚሞቅ ነገር፤ ሦስቱንም አንድ ላይ ወግቶ የሚያይዝ ስፌት። መሀሉን በምን እንሙላው? ባዘቶ ሞክሬያለሁ። ሞቃት ነው፤ ግን ስፌቱ ከተራራቀ ሲታጠብ ወደ አንድ ጥግ ሸሽቶ ይጓጉላል። መልሱ ቤታችን ውስጥ ተሰቅሎ ኖሯል፤ አሮጌ ጋቢ። ጋቢ አራት ደርብ ነው፤ የሚያሞቀን ጥጡ ብቻ ሳይሆን በደርቡ መሀል የታሰረው አየር ነው። ጠርዙ የተበላ፣ መሀሉ የሳሳ ጋቢ ለትከሻ አይበቃም፤ ለውስጥ ግን ከፋብሪካ ስፖንጅ ይበልጣል፤ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ከጮቄ ወደዚህ የሚወርደውን የሌሊት ብርድ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነ ተራራ የሚመጣ ብርድ ነው።

አሁን ትንሽ ከወረዳችን ከአነደድ ወጣ እንበል። አቡጀዲን ልያዝ። በ19ኛው መቶ ዘመን ይህ ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ከአሜሪካ በመርከብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች ይመጣ ነበር፤ ባሕር ጠረፍ ላይ «አሜሪካኒ» ይሉታል። በሰሜናዊው የአሜሪካ ክፍል ፋብሪካዎች የሚሸመነው ጥጥ የሚለቀመው ደግሞ በደቡቡ፣ በባርነት በተያዙ አፍሪካውያን እጅ ነበር። የእነዚያ ለቃሚዎች የልጅ ልጆች በአላባማ፣ ጂስ ቤንድ በምትባል ወንዝ በከበባት መንደር፣ ከአሮጌ የሥራ ልብስ ድሪቶ ሲደርቱ ኖሩ። ብርድ ነበረባቸው፣ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ምክንያታቸው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራቸው በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ከዚያም ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ተሰቀለ፤ በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር አደረገው። ከሁሉም እኔን የያዘኝ የሚዙሪ ፔትዌይ ሥራ ነው። ባሏ ሞተ። የሥራ ልብሱን፣ ጉልበቱ ላይ የነጣውን ሱሪና ሸሚዙን፣ ቆርጣ የአልጋ ልብስ ሰፋችና ከሥሩ ተኛች። እኛ ጋ የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል፤ ያም ደግ ነው። ግን የሴትዮዋን ሥራ ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር የጉልበቱን ቦታ ነው የምፈልገው።

ሌላው የህንድ ነው፤ ይኼኛው ዘመድ ሊሆነን ይችላል። በደቡብ ህንድ፣ ካርናታካ ውስጥ፣ ሲዲ የሚባሉ የአፍሪካ ዘሮች አሉ፤ የብዙዎቹ ቅድመ አያቶች በፖርቱጋሎች ዘመን ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ጎዋ በባርነት የተወሰዱ ናቸው። ህንድ አገር ሐበሻ ባሪያ ሆኖ ገብቶ ጌታ ሆኖ የወጣበት ታሪክም አለ፤ ከኢትዮጵያ ምድር የተሸጠው ማሊክ አምባር፣ እ.ኤ.አ. በ1626 ሲሞት የአህመድናጋር መንግሥት እንደራሴና የሞጎሎችን ጦር ዓመታት ያስቸገረ የጦር አዛዥ ነበር። ስሙ ከከተማችን ከአምበር ስም ጋር ይቀራረባል፤ ዝምድና አለው ብዬ ግን አልዋሽም። ወደ ሲዲ ሴቶች ልመለስ፤ ካዋንዲ የሚሉት ድሪቶ አላቸው። እኔ ካሬ ሠርቼ እገጣጥማለሁ፤ እነሱ ካሬ የላቸውም። አሮጌ ሳሪ ዘርግተው ከጠርዙ ይጀምራሉ፤ እራፊውን ጫፉን እያጠፉ፣ በእጅ ስፌት ዙሪያውን እየዞሩ ወደ መሀል ይገባሉ። ልክ የለም፣ ወረቀት የለም። ሲያልቅ በአራቱም ማዕዘን ላይ ትንሽ የታጠፈች ጨርቅ ያስቀምጣሉ፤ ፉላ ይሏታል፣ አበባ ማለት ነው። ምንም ጥቅም የላትም፤ ቀዳዳ አትደፍንም፣ አታሞቅም። ያለ እሷ ግን ሥራው አለቀ አይባልም።

የእኛስ? መርፌና ክር ይዞ ከትልቅ ቦታ የደረሰ አለን። ኤልያስ ስሜ አዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ነው፤ ሸራ ላይ ቀለም በመቀባት ፈንታ በክር ሲሰፋ፣ ቁልፍ ሲደረድር፣ ኋላም የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ሲያጠላልፍ ኖሯል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 ካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ ላይ ሲታይ የኤግዚቢሽኑ ስም ውስጥ የመርፌ ቀዳዳና የልብ ዓይን አብረው ነበሩ። እሱን ድሪቶ ሰፊ ያለው የለም። ሙዚየም ስለሰቀለው ይሆን? ወይስ ወንድ ስለሆነ? ይህን እናንተው ተከራከሩበት።

ወደ እናንተ ልመለስ፤ በየስፌት መኪናችሁ ሥር የማዳበሪያ ከረጢት አለ፤ የዓመት ቁርጥራጭ የታጨቀበት። ትራስ መሙያ ይሆናል፣ ይቃጠላል፣ ዝናብ ይበላዋል። አገራችን ደግሞ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብን ሰው የሚገሥጽ አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱበት አገር ነው፤ ሽማኔው «ቁጢት በጣሽ» ተብሏል፣ አንጥረኛው፣ ፋቂውም የየራሳቸውን ሰምተዋል። ስለዚህ ነገ ያን ከረጢት ከፍታችሁ ካሬ ስትቆርጡ የሚሏችሁን አውቃለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ በቀለም አትለዩት፣ በውፍረት ለዩት። ወፍራሙን ከወፍራም፣ ስሱን ከስስ። ከዚያ ማታ፣ መብራት ሳይበራ፣ ወለል ላይ ዘርግታችሁ እዩት፤ ቀለሙ ሲጠፋ ብርሃንና ጥላው ብቻ ይቀራል፣ ንድፉ ያለው እዚያ ላይ ነው። የመጀመሪያ ሥራችሁን ለአልጋ አታድርጉት፤ አንድ ገበጣ፣ 18 ካሬ፣ የመደብ ልብስ ይበቃል።

አሁን የአያቴን እንዘርጋው። እስቲ አንቺ ጫፉን ያዥልኝ። ቀስ፤ አርጅቷል።

ይህን የሰፋችው በእጇ ነው፣ መኪና አልነበራትም። ግማሹ በነጭ ክር፣ ግማሹ በጥቁር፤ ክር ባለቀባት ቁጥር ያገኘችውን አስገብታለች። እግር በኩል ያለው የዱቄት ጆንያ ነው፤ ፊደሉ እስካሁን ትንሽ ይነበባል። ወደ ላይ ስትመጡ አቡጀዲ፣ ከዚያ የአያቴ ባል የካኪ ኮት። አንገት የሚነካው ቦታ ላይ ደግሞ የኩታ ቁራጭ፣ ከሁሉ የሳሳውና የለሰለሰው። ሻካራው ለእግር፣ ለስላሳው ለጉንጭ። ይህን ብቻ ባይ ኖሮ ብልሃት ነው ብዬ እተው ነበር።

ማዕዘኖቹን እዩ። በአራቱም ላይ አንዳንድ ሰማያዊ ቁራጭ አለ፣ የአውራ ጣት ርዝመት የምታህል። አንዱን ከአንዱ አስጠግቼ መስመሩን ተከትያለሁ፤ አራቱም ከአንድ እራፊ የተቆረጡ ናቸው፣ አበባው ከአንዱ ወደ ሌላው ይቀጥላል። ያቺ እራፊ ሳትቆረጥ፣ እዚህ መሀል ላይ ያለውን ቀዳዳ ትሸፍን ነበር። ቀዳዳው ይኸው፤ በጆንያ ነው የተጣፈው። አያቴ ደህናውን እራፊ አራት ቦታ ቆርጣ መልሳ ሰፋችው።

እኚያ የሠርጉ እናት ዛሬ እዚህ ቢኖሩ ማዕዘኑን በጣታቸው አስይዛቸው ነበር።

በሉ ከኋላ ያላችሁም ቅረቡ፤ አምስቱንም ዳስሱ፣ ገልብጡ፣ ስፌቱን ቁጠሩ። ልጆች፣ እጃችሁን ታጠቡ። ጂንሱን የምታነሡ ግን ተጠንቀቁ፤ ትናንት ማታ አንድ መርፌ ተሰብሮብኝ ግማሹን አላገኘሁትም።